አቤት የማትለው ተማሪ

የሂሳብ መምህሩ የኦንላይን ክፍሉን ጠዋት ጠዋት የሚጀምረው ስም በመጥራት ነው። "ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል እኮ" ቢሉትም አሻፈረኝ አለ፤ አቤት ሲሉት ካልሰማ ያስተማረ አይመስለውም። አንዷ ተማሪ ግን ስሟ ስክሪኑ ላይ እያለ፣ ካሜራዋን ዘግታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭጭ አለች። የቡድን ጓደኞቿም በጋራ ከሚጽፉት ሥራ የእሷ ድርሻ ባዶ ነው ብለው አማረሩ።

ዛሬ ቱግ አለ። "አንቺ ልጅ፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው? ነገም አቤት ካላልሽ ከክፍሌ አስወጣሻለሁ!"

ማይክራፎኗ ተከፈተ። የወጣው ግን የትልቅ ሴት ድምፅ ነበር።

"እናቷ ነኝ፣ መምህር። ልጄ በድንገት ታማ ካረፈች ሦስት ሳምንቷ ነው። ኮምፒውተሯን በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነኝ። ቤቴ የሚመጣው ሁሉ እንዳይከፋኝ ብሎ ስሟን አያነሳም፤ የሚጠሩልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አደራ፣ አያስወጧት።"

መምህሩ ያን ቀን አንድ መስመር እንኳ ሳያስተምር ዋለ። በማግስቱ እንደ ልማዱ ስም መጥራት ጀመረ። እሷ ጋ ሲደርስ ስሟን ጮክ ብሎ ጠራ።

"አቤት" አለች እናቷ።