አፍንጫውን ዝቅ አድርግ

መሪውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ይኸው ጀመረው፣ ግፋው እንጂ፣ ግፋው ትላለች በሆዷ፣ ፈታኝ ግን ነች፣ ፈታኝ ከኋላ ተቀምጦ ያያል እንጂ አያግዝም፣ መሪው በልጁ እጅ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰማይ ይዘቀዘቃል፣ ሲሙሌተር ነው፣ የውሸት አውሮፕላን፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ወለል አለ፣ ማንም አይሞትም፣ ይህን ለልቧ ማን በነገረላት።

ወደቀ። ቁልፉን ትጫናለች፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ይቆማል።

ይቅርታ ካፒቴን፣ እጄ ቀደመኝ ይላል ላቡን እየጠረገ፣ እዚህ ካፒቴን ነች፣ እርስዎ ነች፣ ቤት ሲገቡ ግን እትዬ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነዋ፣ ጭራ ነበር የሚሉት በልጅነቱ፣ ወንድሙ የሄደበት ሁሉ ከኋላው የማይጠፋ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ገባ፣ ሲበር በረረ፣ ያልተከተለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

አየሩ ክንፉን ሲከዳው ሰው ሁሉ ይጎትታል፣ ይህን በየቀኑ ታስተምራለች፣ በደረቅ ድምፅ፣ የሚወድቅ ሰው ወደ ላይ ነው የሚመኘው፣ መሬት እየመጣብህ ወደ መሬት ግፋ ሲሉህ እብደት ይመስልሃል፣ መውጫው ግን እሱ ነው፣ አፍንጫውን ዝቅ ስታደርገው ክንፉ አየሩን መልሶ ይይዛል። ባሏም ጎተተ። የአደጋው መርማሪ ውኃ እየቀዳላት፣ ባለቤትዎ እስከ መጨረሻው እየጎተቱ ነበር አላት፣ እየጎተቱ፣ በአንቱታ፣ በትሕትና። ሳብ የሚል በር ሲገፋ የሚውል ሰው፣ ባንክ ቤት ስንቴ ያሳቀባት፣ ምናለ ያን ቀን በስህተት እንኳ ቢገፋው።

በሁለተኛው ሙከራም ይጎትታል። ዘግይቶ ገፋ፣ ምን ያደርጋል፣ ወደቀ።

ከሦስቱ ሙከራ አንድ ቀረው።

ጠዋት አማቷ ደጃፍ ላይ እጇን ይዘው፣ ጣይልኝ አሉ፣ ፈታኟ አንቺ አይደለሽ፣ ጣይው፣ ይጥላኝ፣ ይርገመኝ፣ ብቻ መሬት ላይ ይቅርልኝ፣ አንዱን ሰጥቻለሁ፣ አይበቃም? እማማ ኧረ ተዉ ብላ ወጣች፣ እሺም አላለች እምቢም፣ ቢሮ ደርሳ ሌላ ፈታኝ መድቡለት ብትልም ሰው የለም አሏት። እና አሁን ዝም ብትል ይበቃል፣ ዝም ትላለች፣ እሱ ይወድቃል፣ ወድቆም ይተርፋል፣ አማቷ ልጃቸውን ያገኛሉ፣ እሷም ሲነጋ ሰማዩን ቀና ብላ ማየት ትጀምራለች፣ አይደል፣ ግን ይሄ ልጅ ይተወዋል እንዴ፣ ጭራ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሄዶ ይለምናል፣ ያበሩታል፣ እጁ ግን ያው እጅ ነው።

አንተ ልጅ ትለዋለች፣ ካፒቴንነቱም ፈታኝነቱም ቀርቶ፣ እጅህን ስጠኝ፣ ይሰጣታል፣ በረዶ ሆኗል፣ ትፈራለህ፣ ፍራ፣ አትፍራ የሚልህን አትስማው፣ ግን እየፈራህ ግፋው፣ ገባህ?

ገባኝ እትዬ።

መሪው ይንዘፈዘፋል፣ ክንፉ ያጋድላል፣ ልጁ ትንፋሹን ይውጣል፣ ይገፋል፣ መሬት መስኮቱን ሞላው፣ እርሻው፣ መንገዱ፣ የቤት ክዳን፣ እሷ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛለች፣ ባሏ ያየው ይህን ነው፣ መጨረሻ ላይ ያየው ይህን ነው፣ መሪው መንዘፍዘፉን ተወ፣ ክንፉ አየር ያዘ፣ ልጁ ያቃናዋል፣ ጋዙን ይጨምራል፣ ቀስ አድርጎ ያነሳዋል፣ ሰማይ።

መውጫዋ ይህችው ናት? ይህችን ታህላለች? አንዲት ትንፋሽ?

ልጁ ዞሮ ያያታል፣ ደስታው ፊቱ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። እትዬ፣ ለወንድሜ እኮ ማንም እንዲህ አላሳየውም።

ማንም ትላለች።

አብረው ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ስልኳ ይጮኻል፣ አማቷ ናቸው፣ ምን ሆነ ልጄ፣ ምን ሆነ፣ አለፈ ልትል አፏን ትከፍታለች፣ ትተወዋለች፣ ያኔም ለኚሁ ሴት የነገሯቸው በዚሁ ቃል ነበር፣ ልጅዎ አለፈ፣ ሌላ ቃል ትፈልጋለች፣ የለም፣ እማማ፣ አጠገቤ ነው፣ ይኸው ላገናኝዎ፣ ስልኩን ታቀብለዋለች፣ እማ፣ ይላል፣ አለሁ፣ አለሁ እማ፣ ድምፁ እኮ ቁርጥ የወንድሙ ነው፣ አለሁ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች