የቆርቆሮዋ ሙሽራ

ባልቻ ወሬ ሲጀምር የቲካ መንገድ ማታቱ ታክሲ እንኳ ጥሩምባውን አቁሞ ያዳምጠዋል ይባላል። እሱስ ይቅር፤ ካሳራኒ ሰፈር ከኪራይ ፎቆቹ ጀርባ ካለው ረግረግ፣ ከጎረቤቱ ከሠርክ ጋር ሁለት ዓመት ሲያጸዱ ያወጡት ግን ዓይን ያየው ነው። አሥራ ሰባት ጎማ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ባልቻ እንደሚምለው ደግሞ ከፓርላማ የጠፋ ወንበር። ቄጠማ ተከሉ፣ ውሃው ጠራ፣ እንቁራሪት መጣ። ያ ሁሉ የተለፋላት፣ ዘሯ እያለቀ ያለችው ባለ ዘውድ ሽመላ ብቻ ሳትመጣ ቀረች። ሠርክ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ቄጠማው ዳር ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ባልቻ አላስቻለውም። ጁዋ ካሊ የሚባሉት የመንገድ ዳር ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ሄዶ ሽመላ በቆርቆሮ አሠራ፤ ቀለም ቀባት፣ ለዘውዷ የመጥረጊያ ጭራሮ ሰካላት፣ ወስዶ ውሃው መሃል ተከላት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ዶሮ?» አለች ሠርክ።

«ሳቂ አንቺ! ሰው የሞላበት ምግብ ቤት አይደል የምንገባው? ወፍም እንደዚያው ነው።»

በሦስተኛው ቀን አንድ እውነተኛ ወንድ ሽመላ ወረደ። ቆርቆሮዋ ፊት አንገቱን ሰበረ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ዘለለ፣ ሣር ነቅሎ ወደ ላይ ወረወረ። ሽመላ ሚስት የሚለምነው እንዲህ ነው። እሷ ዝም። በማግስቱም ጨፈረ፤ በሳምንቱም። መብሉን ትቶ ከስቶ ከስቶ እግር ብቻ ሆነ።

«ባልቻ፣ ንቀላት በቃ» አለች ሠርክ።

«ከነቀልኳት ይሄዳል። የሁለት ዓመት ልፋታችን እሱ ብቻ ነው!»

«አውቃለሁ።» ወደ ወፉ ጠቆመች። «ግን እየው እስቲ። ይለምናታል እኮ።»

ባልቻ ስንቱን አታልሏል፤ አከራይ፣ ፖሊስ፣ የነፍስ አባት። እንዲህ አምኖ የጨፈረለት ግን የለም። ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ቆርቆሮዋን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ።

ወፉ ባዶውን ቦታ ዞረው። ጉሮሮውን ነፍቶ ተጣራ። ከዚያ ተነሥቶ ከፎቆቹ በላይ ሁለቴ ዞረና ወደ ሩይሩ አቅጣጫ ነጥብ ሆኖ ጠፋ።

ሠርክ ሥራ ረፍዶባታል፤ አልተንቀሳቀሰችም። «ሚስት ይዞ ይመለስ ይሆን?»

ባልቻ አፉን ከፈተ። ለዚህ የሚሆን ስንት ጣፋጭ ውሸት ነበረው!

«አላውቅም» አለ።

ጭቃው እግሩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ፣ ሁለቱም ወደ ሩይሩ እያዩ ቆሙ።