ባሮ የገባበት ዳቦ ቤት

ባሮ ሲሞላ በር አያንኳኳም። በዚያ ነሐሴ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የአበዛሽን ዳቦ ቤት በጓሮ በኩል ገባበት። የሊጥ ገንዳዋን አንሳፎ ወሰደ፣ መደርደሪያውን ገለበጠ፣ ምድጃውን እስከ አፉ ሞላው። አበዛሽና ባሏ ተክሌ የዱቄቱን ጆንያ ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ወጡ።

አበዛሽ የጎሬ ሰው ናት። ምላሷ ስለት፣ እጇ ግን ወርቅ ነው። ጋምቤላ የወረዱት እንደተጋቡ ነበር፤ ያንን ምድጃም ሸክላውን እየደረደሩ፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ሁለቱ በእጃቸው ሠርተውታል። በከተማው ውስጥ ከበሽተኛው እስከ ወታደሩ የእኔን ዳቦ ያልቀመሰ የለም እያለች አፏን ሞልታ ትናገር ነበር። አጋነነች ቢባል እንኳ ብዙ አልራቀችም። ምድጃው የእሷ ይሁን እንጂ ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደሥላሴ የዝናብ ካፖርቱን እንደለበሰ ጉብታው ላይ መጥቶ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገራት። የእርዳታ እህል ሸራ ስር እየበሰበሰበት ነው፣ መጋዘን ያስፈልገዋል። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ደግሞ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፣ ዳቦም ይፈለጋል። እንግዲህ በበዓሉ ጠዋት ምድጃው ከጋገረ ዳቦ ቤቱ ዳቦ ቤት ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልጋገረ ግን ምድጃው ፈርሶ ቤቱ መጋዘን ይሆናል። ክፉ ሰው አልነበረም ወልደሥላሴ፣ የጨነቀው ሰው ነው እንጂ። ለአበዛሽ ግን ያው ነው። የጨነቀው ቢያፈርሰው፣ ክፉው ቢያፈርሰው፣ የፈረሰ ምድጃ የፈረሰ ነው።

ተክሌ ለስለስ ያለ ሰው ስለሆነ ወዲያው ጓዙን ማሰብ ጀመረ። ጎሬ እንመለስ፣ ዘመድ አለን፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አላት። አበዛሽ ጎሬ ሄዳ የሰው ሊጥ የምታቦካበት ምክንያት እንደማይታያት፣ ከፈለገ ብቻውን መሄድ እንደሚችል ነገረችው። ተክሌ ደግሞ ብቻውን ገበያ እንኳ ሄዶ አያውቅም።

ውሃው ወደ ጉልበት ሲወርድ አበዛሽ ቤቷን ልታይ ወረደች። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ውሃው ይሂድ፣ ቤቱ ይድረቅ፣ ከዚያ ጠርገን እንገባለን ብላ ልትመለስ ስትል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል ኛሉዋክ!

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ኛሉዋክ የአጥር ጎረቤቷ ናት፣ ጥቂት ላሞች ያሏት የኑዌር ሴት። ማታ ማታ ትንኝ ከላሞቿ እንዲርቅ ኩበት ታጤሳለች፤ ጭሱ እየተጥመለመለ መጥቶ የአበዛሽ ሊጥ ላይ ያርፋል። አበዛሽ ታዲያ መቼ ዝም ልትል! ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰቻት፣ ረታቻትም። ላሞቹ ከሰፈር ወጥተው ከከተማው በላይ ባለው ደረቅ መሬት ላይ እንዲያድሩ ተፈረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ፣ ሌላዋ መሬት ታያለች።

"ክፈቺ" አለች ኛሉዋክ። "ዛሬ ክፈቺ። ውሃው ሲሄድ ጭቃው አብሮ ይሂድ። ነገ ውሃ የለም፣ ጭቃ ብቻ ነው። ጭቃ ከተኛ አይነሳም።"

አበዛሽ፣ ማን ጠየቀሽ፣ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ዓይኗ የኛሉዋክን ቤት አየ። የፊቱም የኋላውም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቡናማው ውሃ እየተግተለተለ ይወጣል፣ ወለሉ ብቅ ብሏል። ቃሏን ዋጠችና ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች። ለምን ልትረጂኝ መጣሽ ብላ መጠየቋ ግን አልቀረም። ኛሉዋክ ቂም ሌላ፣ ጎርፍ ሌላ መሆኑን ነግራት ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

ሥራ ከተባለ ያ ሥራ ነበር። ኛሉዋክ ጭቃውን በእግሯ እየበጠበጠች፣ አበዛሽ በመጥረጊያ እየገፋች፣ ተክሌ በባልዲ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች እያጠበ፣ ውሃው ሲሸሽ ደለሉን አስታቅፈው ሸኙት። ኛሉዋክ መንግሥት በራፉን ያሸገባትን የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በአፍንጫዋ ታዜም ነበር። ሌሎችም ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። ጸሐይ ሳትጠልቅ ወለሉ ታየ። አበዛሽ የምድጃውን አፍ ልታጸዳ እጇን ብትሰድ አንድ ነገር በጭራው መታት። ጎትታ ብታወጣው ጺሙን ያንጠለጠለ ትልቅ አምባዛ ዓሣ!

"እኔ የምጋግረው ዳቦ ነበር" አለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኛሉዋክም ሳቀች። አበዛሽ አምባዛውን ለኛሉዋክ ሰጠቻት፣ ሆኖም ስለ ላሞቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሰው እንዲህ ነው፣ ዓሣ መስጠት ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀለዋል።

ቤቱ ጸዳ። ምድጃው ግን ውስጡ እንደ ረጠበ ነው። ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ በእጅ ሲነካ እንደ ላም አፍንጫ ይቀዘቅዛል። ጳጉሜም ገባች። አበዛሽ መታገስ የሚባለውን ነገር እናቷ አላስተማረቻትም፤ ከየት እንደሆነ እንጃ ደረቅ እንጨት ፈልጋ አመጣችና ምድጃው ውስጥ አንድዳ ለቀቀችበት። ነበልባሉ ሲነሳ ደስ አላት። ደስታው ብዙ አልቆየም። ውስጡ የቀረው ውሃ መውጫ አጥቶ ሲፈላ፣ ከወደ ጣራው ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ፣ ሸክላ ተሰንጥቆ እሳቱ ላይ ወደቀ። አበዛሽ እጇ መቃጠሉን ረስታ ግንዲላውን በአካፋ ጎትታ አወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይቺ ናት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተክሌ ሚስቱ ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ስለሆነ የሚይዘው ጠፋው፤ ወጥቶ ከምስጥ ኩይሳ አፈር አመጣና ስንጥቁን ይደፍን ጀመር። ስለ ጎሬም ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

አበዛሽ እንባዋን ጠርጋ አሰበች። እንጨት ይነዳል፣ ምድጃውን ይሰነጥቃል። ያለ እሳት ከተተወ ደግሞ እስከ ኅዳር አይደርቅም። የሚያስፈልገው የማይነድም የማይጠፋም፣ ቀንና ሌሊት ለብ እያለ የሚያድር እሳት ነው። እንዲህ ያለ እሳት የማን እንደሆነ ስታስታውስ ፊቷ እሳት ሆነ። የከሰሰችው እሳት ነው!

ሄደች። ምን ታድርግ፣ ሄደች። በሰፈሩ ያለ ኩበት ሁሉ በጎርፍ ሟሙቷል፤ ደረቅ የቀረው ከከተማው በላይ፣ የኛሉዋክ ላሞች በተሰደዱበት መሬት ላይ የተከመረው ብቻ ነው። ኛሉዋክ ይህን ስትሰማ፣ ያባረርሽው ነው የተረፈልሽ ብላ እስኪበቃት ሳቀች። ስትጨርስ ፊቷ ኮስተር አለ።

"ኩበቱን ውሰጂ። ግን ጭሴን ያባረርሽው ቀበሌ ፊት ነው። የምትመልሺውም ቀበሌ ፊት ነው።"

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለበዓሉ ዝግጅት ስብሰባ ነበር። ወልደሥላሴ ስለ ባንዲራና ስለ ሰልፍ ሲናገር አበዛሽ እጇን አወጣች። ሰው ሁሉ ልትጨቃጨቅ ነው ብሎ ተመቻቸ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ጥፋትን በሰው ፊት ማመን ለኩሩ ሰው ከጎርፍ የከበደ ነገር ነው።

"ኛሉዋክን የከሰስኳት እኔ ነኝ" አለች። "የረታኋትም እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ላሞቿ ወደ ቤታቸው ይመለሱልኝ።"

ወልደሥላሴ ፍርድ የልጆች ጨዋታ አለመሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። አበዛሽም ከሳሿ ራሷ ከሆነች ክሱን የማንሳት መብቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችው። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ፤ ሊቀመንበሩም ፈቀደ። ኛሉዋክ ሁሉንም ትንሽ አስጠበቀቻቸውና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ያን ዕለት ላሞቹ ደወላቸውን እያንቃጨሉ ሰፈር ገቡ፣ ኩበቱም በጆንያ ተከትሏቸው። ኛሉዋክ ራሷ ምድጃው ውስጥ አሰናድታ ለኮሰችው። ነበልባል የለው፣ ግርግር የለው፣ ዝም ብሎ ይጤሳል። በየተራ እየጠበቁ፣ ሊጠፋ ሲል እየጨመሩ፣ አየሩ እንዲገባ በሮቹን ክፍት ትተው ያደረቁት ጀመር። መጀመሪያ ሸክላው አላበው፤ ላቡ በግድግዳው ወረደ። ከዚያ ላቡ ቆመ። ከዚያ ጥቁሩ መልክ እየፈካ ሄደና ቀይነቱ ተመለሰ። አበዛሽ ጆሮዋን ምድጃው ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች፣ ጧ የሚል ነገር የለም። እስከዚያው ግድግዳውን ኖራ ቀቡት፣ ከጎርፉ የቀረ ሽታ እንኳ ጠፋ።

የመስከረም ሁለት ንጋት ላይ እንጨት አስገቡ። መጀመሪያ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ፍልጥ፣ ከዚያ ግንድ። አበዛሽ የምድጃውን ጣራ እያየች ጸሎት እንኳ ጠፋባት። ጣራው ቻለው። ፍሙን ጠርገው አውጥተው፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ ተክሌ ሊጡን በረጅሙ የእንጨት አካፋ አስገባ።

በዚህ መሃል ጓድ ወልደሥላሴ ደረሰ። በእጁ ጓጉንቸር ይዟል፣ ከኋላው እህል የተሸከሙ ሰዎች ተከትለውታል። የምድጃው መዝጊያ ገና አለመከፈቱን አይቶ ቆመ። ሁሉም ቆመ። ተክሌ የምድጃውን መዝጊያ አነሳና አካፋውን ሰዶ ሲስበው ዳቦው ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ ጀርባው አብርቶ ወጣ።

አበዛሽ እልልታዋን ለቀቀችው! ኛሉዋክም በራሷ አገር እልልታ ተቀበለቻት። በጎርፉ ከተጠቃው ሰፈር የመጀመሪያው የማብሰያ ጭስ ከጣራቸው በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟልና ጉብታው ላይ የነበረው ሰው አየው። ቤታችን ገና ነው፣ እርጥብ ነው እያሉ መመለስ የፈሩት ሁሉ ፍራሻቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ሰፈራቸው ይወርዱ ጀመር። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ፍራሹን እያወረዱ ተሰለፉ። ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ከኛሉዋክ በረት አለፈ። አበዛሽ ያንን ሁሉ ሰው አየች፤ የጎሬዋ ልጅ አገሯ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ወልደሥላሴ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረ። እህሉን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ ለጊዜው እሱ ራሱ ደጅ ሊሠራ እንደሚችል ተናገረና ተሸካሚዎቹን መለሳቸው። ከዚያ በበዓሉ ሜዳ የክብር መድረክ፣ ትሪቡኑ ላይ፣ እንግዶች እየጠበቁ ስለሆነ የወጣው ዳቦ በሙሉ ቶሎ እንዲጫን አዘዘ።

አበዛሽ አንዱን ትኩስ ዳቦ ለኛሉዋክ እየሰጠች ዞር ብላ አየችው።

"ጓድ" አለችው፣ "ወረፋ አለ።"

ሊቀመንበሩ ሰልፉን ተመለከተ። ሰልፉም ተመለከተው። ጓጉንቸሩን ኪሱ ከተተና ጥጉን ዞሮ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመ።