ታኅሣሥ ሃያ ሦስት የዘነበ ዝናብ

የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር የዝናብ መዝገብ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጎደለበትም። ሣሩን የሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች ለአጨዳ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ ብለው ሲመክሩ መጀመሪያ የሚያስነብቡት እሱን ነው። መዝገቡን የምትይዘው ጽናት ናት። ከመሐል ሜዳ ከተማ ቢሮዋ ሆና ሌላ ብዙ ነገር ትሠራለች፤ የምትኮራው ግን በዚህ ነው።

በሚያዝያ፣ አፋፉ ላይ ባለችው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ ዝናቡን ይመዘግብ የነበረው ትንሽ ኮምፒውተር ተቃጠለ። እስኪተካ ድረስ ጠባቂው ጋሼ ወሰኔ በታመመ ጉልበታቸው በየጠዋቱ ዳገቱን እየወጡ የዝናቡን ውሃ ለኩ። አዲሱ ማሽን ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ የድሮው ከርነል አይነሣበትም። ከርነል ፕሮሰሰሩንና ዕቃውን ሁሉ የሚያስተዳድር የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ላንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ጽናት እንደ አዲስ ልትሠራው ተቀመጠች።

ሥራው ጥያቄ መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት መልስ አለ፦ ይግባ፣ ሲፈለግ ይጠራ፣ ይቅር። የጓሳ ጭጋግ ለፀሐይ ኃይል አይመችምና ማሽኑ ጥቂት እንዲበላ ብዙውን ይቅር አለች፤ ድምፁ ይቅር፣ ስክሪኑ ይቅር። ስትጠራጠር የድሮውን ማሽን ዝርዝር እያየች፣ እዚያ የሌለውን እዚህም ይቅር ትላለች። በባትሪ የሚሠራው ሰዓት ጋ ስትደርስም ዝርዝሩን አየች፤ የለም። ይቅር አለች። ቢሮ ውስጥ ስትሞክረው ማሽኑ ተነሣ፣ ቀኑም ልክ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ጎጆዋ ውስጥ ተከለችው፤ ቀኑንም በእጇ ሞላችለት።

«ከነገ ጀምሮ አይውጡ፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ይህች ሣጥን ግን ብርዱን ትችለዋለች?»

«ብርድ አትፈራም።»

«እንግዲያው ከመንዜ በለጠች በያ» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

በሳምንቱ ስትመለስ ጋሼ ወሰኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። መዝገቡን ላፕቶፗ ላይ ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደህና ናቸው። ቀጥሎ «ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት፣ ዝናብ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር» ይላል።

ጋሼ ወሰኔ ሳቁ። «በዚያን ዓመት እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በታኅሣሥ ውርጭ እንጂ ምን ዝናብ አለ? ይቺ ሣጥንሽ ውሸታም ናት።»

ጽናት አልሳቀችም። ቀኑን የማያውቅ ማሽን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ዕለት ነው። ጭጋጉ ባትሪውን ሲጨርሰው ማሽኑ ጠፍቷል፤ ፀሐይ ስትመጣ ተነሥቷል፤ ደጋግሞም እንዲሁ ሆኗል። የድሮው ሰዓት እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነበር፤ የአዲሱ ግን ለብቻው ቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ከርነሉ እንዳያየው ያደረገችው እሷ ናት። ቢሮ ውስጥ ልክ የነበረው ቀኑን ከኔትወርክ ስለሚያገኝ ነው፤ ጓሳ ላይ ኔትወርክ የለም።

የመጨረሻውን አንድ ቀን፣ ማሽኑ ከተነሣ ያለፈውን ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥራ አገኘችው። አራት ቀን ቀረ። ዝናቡ አለ፤ የትኛው በየትኛው ቀን እንደወረደ ግን አይታወቅም።

«የመሐል ሜዳውን ዝናብ አይቼ ላከፋፍለው እችላለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«መሐል ሜዳ ሲዘንብ ጓሳ ይዘንባል ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ ምንም አላዩም?»

«አይውጡ አልሽኝ፤ ቤቴ ተኛሁ። ጠባቂ ያላየውን አየሁ ካለ ከጥበቃ እንደሚወርድ ታውቂያለሽ። እኔን በስተርጅና አታስወርጂኝ።»

ጽናት ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሰዓቱን ጥያቄ ፈለገች። «ሲፈለግ ይጠራ» የሚለው ላይ ጥቂት ቆየችና ተወችው፤ የመጀመሪያው ጠብታ ከመመዝገቡ በፊት ሰዓቱ መገኘት አለበት። ይግባ አለች። ከርነሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ቀኑን በእጇ ሞልታ የማሽኑን ኃይል ሦስት ጊዜ ነቅላ ሰካች። ሦስቱንም ጊዜ ቀኑ ልክ ነበር። በአራቱ ቀናት ትይዩ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ከርነሉን ከመሥራት የበለጠ ጊዜ የወሰደባት መሰላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አነበበችው። ሰብሳቢው አቶ ገብረ አማኑኤል አስቆሟት።

«አራቱ ቀን የት ሄደ?»

«ዘንቧል፤ ቀኑን ነው የማላውቀው። ማሽኑ ሰዓት እንዳለው ሳልነግረው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ያልጎደለ መዝገብ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አሁን ጎደለ» አለች።

ጥቂት ተንሾካሾኩ። አቶ ገብረ አማኑኤል «እንግዲህ እስኪታመን ድረስ፣ ክረምቱን ሰውም ይለካ» አሉ። «ወሰኔ ግን በዚያ ጉልበቱ አይወጣም።»

«እኔ እወጣለሁ።»

«ከመሐል ሜዳ በየቀኑ?»

«እዚያው ጎጆዋ ውስጥ አድራለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ ቆማ መለኪያውን ወደ ዓይኗ አነሣች። ስምንት ሚሊ ሜትር። ማሽኑ ስምንት ተኩል ሚሊ ሜትር ብሏል፤ ቀኑ ትክክል ነው። መለኪያውን ደግማ አየችው፤ ያው ስምንት ነው። ሁለቱንም ጻፈች።