ሳፊያ ጋሪ የተወችበት ዓመት

ሳፊያ የወር አበባዋ ክረምቱን ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ለማንም አልተናገረችም። ከልጅነቷም ጀምሮ ሲመጣ ሲጠፋ የኖረ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ አርግዤ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ጥቅምት ሲገባ ግን እርግዝና እንዳልሆነ ቁርጡን አወቀች።

ናዝሬት ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ ቤት ከባሏ ከሱሩርና ከአማቷ ከኡሙሰልማ ጋር ትኖራለች። ሱሩር ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዳ አሰብ ይመላለሳል። እሷ በረንዳው ላይ በተተከለው የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ልብስ ትሰፋለች። ካገባች ወዲህ ሰውነቷ እየከበደ ሄዷል። አገጯ ላይ ደግሞ ፀጉር ማብቀል ጀምራለች። ባሏ መንገድ ሲወጣ በሩን ዘግታ በክር ትነቅለዋለች። ልጅ ከማጣቷ ይልቅ ያ ፀጉር ያሳፍራት ነበር።

ኡሙሰልማ ክፉ ሴት አልነበሩም። ከወሎ ባላቸው ሞቶባቸው መጥተው አንድ ልጃቸውን ቅመም እየሸጡ ያሳደጉ ናቸው። ምራታቸውን ዱዓ ለማስደረግ አርሲ ድረስ ወስደዋታል፤ ሥር ቅጠልም አስጠጥተዋታል። ያ ሁሉ አልሆን ሲል ግን አርሲ ነገሌ ስላለችው የዘመዳቸው ልጅ ስለ መሪማ ማንሳት አበዙ። ፊት ለፊት ሁለተኛ ሚስት አግባ አይሉም። እራት ላይ መሪማ እንዴት እንዳደገች፣ እንዴት ጨዋ እንደሆነች ለልጃቸው ያወሩለታል። ሱሩር እጁን ታጥቦ የመኪናውን ጎማ ለማየት ይወጣል። ሳፊያ ደግሞ ሰሃን ታነሳለች።

አንድ ቀን ክር ልግዛ ብላ ወጥታ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተር ኃይለየሱስ የሸበቱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ብዙ ጠየቋት፤ ነርሷ አጠገቧ ቆማ መረመሯትና እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ።

“መካን አይደለሽም፤” አሏት። “እንቁላል የሚያዘጋጁት ሁለቱ ዕጢዎችሽ ሥራቸውን በጊዜው አይሠሩም። እንቁላሉ ሳይደርስ ውሃ ቋጥሮ እዚያው ይቀራል። ፀጉሩም፣ ውፍረቱም፣ የአበባሽ መጥፋትም ከዚያው የሚመጡ ናቸው።”

ሳፊያ መድኃኒት እንዲሰጧት ለመነች። መድኃኒት እንዳለ፣ በዚያን ጊዜ ግን በቀላሉ እንደማይገኝ፣ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናም እንደሚሠራ ነገሯት። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሰውነቷን እንድታንቀሳቅስ አዘዟት። እሷ ቀኑን ሙሉ እግሯ የመኪናውን መርገጫ ሲረግጥ እንደሚውል ብትናገር እንቅስቃሴ ማለት ይህ አይደለም አሏት፤ በየቀኑ እስኪያልባት፣ ወሬዋ እስኪቆራረጥ ድረስ መራመድ ነው። ዳገት መውጣት፣ ከበድ ያለ ነገር ማንሳትም ይጠቅማል። የሻዩንም ስኳር ትቀንስ። ገበያ እንኳ በጋሪ እንደምትሄድ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጋሪውን ተይው። ክብደትሽ ትንሽ እንኳ ቢቀንስ አበባሽ ሊመለስ ይችላል። በእርግጠኝነት አልነግርሽም፤ የተሳካላቸውን ግን አይቻለሁ።”

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በወንጂ መንገድ ፈጠን ፈጠን እያለች ወረደች። ብዙም ሳትርቅ ሁልጊዜ የሚያመላልሳት ባለጋሪ ኡርጌሳ ፈረሱን ገታ።

“አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ሳፊያ። ማን ሞተ?”

ማንም እንዳልሞተ ብትነግረውም አላመናትም። ሴት በማለዳ ፊቷ ቀልቶ በእግሯ ስትገሰግስ ሌላ ምን ይሆናል? ለቅሶ ከሆነ በነፃ ላድርስሽ ብሎ አብሯት ጥቂት ተጓዘ፤ እንቢ ስትለው አዝኖ ወደ ገበያው ተመለሰ። ቤት ስትደርስ የኡርጌሳ ወሬ ቀድሟት ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ኡሙሰልማ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። የአሰብ መንገድ ስንቱን ሾፌር እንደበላ ስለሚያውቁ ልጃቸው የሞተ መስሏቸው ነበር።

“ምን ያስሮጥሻል?” አሏት፣ ጎረቤቶቹ ሲሄዱ። ሳፊያ ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው አለች። እውነቱን ብትናገር ሐኪሙም ተስፋ ቆረጠባት ብለው መሪማን ያመጣሉ ብላ ፈራች። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀን ግቢው ውስጥ ስትመላለስ ከረመች፤ ግቢው ግን ጠባብ ነው፤ ኡሙሰልማም ምን ጠፋብሽ ይሏታል።

መላው የተገኘው ከቀበሌ ነው። በኅዳር ወር አንድ እሑድ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሯ አየለች ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ወፍራም የሆነ የቀድሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የካቲት ላይ ለሚከበረው የሴቶች ቀን እያንዳንዱ ቀበሌ ሴት ሯጮች እንዲያቀርብ ከበላይ መታዘዙን ተናገረች። አንዷ ጉልበቴን አለች፣ ሌላዋ የሚጠባ ልጅ አለኝ አለች። ሳፊያ እጇን ስታወጣ ከኋላ የሳቁ ነበሩ። አየለችም ቀልድ መስሏት ኖሮ ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ጠርታ ጠየቀቻት። ሳፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ዘርግፋ ተናገረች፤ የአገጯን ነገር ሳይቀር።

አየለች እስክትጨርስ ጠበቀቻት። “እኔ ሯጭ አጥቻለሁ፣ አንቺ ሰበብ አጥተሻል። ነገ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ጋ እንገናኝ።”

ኡሙሰልማ የቀበሌ ትእዛዝ መሆኑን ሲሰሙ ምን ጠፋብሽ ማለቱን ተዉ። በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌን ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በመጀመሪያው ጠዋት ከሐዲዱ ተነስታ አጠገቡ ካለው ሜዳ ጫፍ እንኳ አልደረሰችም። ጎኗን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለመመለስ ወሰነች፤ አየለች ግን መጥታ አስነሳቻት። አየለች ራሷ አትሮጥም፤ ከኋላ ሆና “አታቁሚ፣ ተራመጅ” ትላለች። ሲሻላት ትሮጣለች፣ ሲደክማት ትራመዳለች። ሌሎቹ ሴቶች የመጡት ስማቸው ተጽፎባቸው ስለሆነ ያጉረመርማሉ። ሳፊያ ለሁሉም ሰፋ ያለ ሱሪ ሰፋችላቸው፤ ቀሚስ ለብሶ መሮጥ አስቸግሯቸው ስለነበር ከዚያ በኋላ መቅረት ቀነሱ። ገመድ ዝላይም ጀመሩ። የበጋው ነፋስ አቧራውን አንስቶ አፋቸው ውስጥ ይሞላዋል፤ ተፍተው ይቀጥላሉ።

ገበያም በእግሯ መሄድ ጀመረች። ጤፉን በግማሽ እያደረገች ራሷ ትሸከማለች። ጥር ላይ የራሷን ቀሚሶች ፈትታ አጠበበች። መቅጠኗ ብዙ የሚባል አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ላይ ሲጫጫናት የነበረው እንቅልፍ ግን ተዋት።

በበዓሉ ቀን ሮጣ ከኋላ ካሉት ጋር ገባች። ያ አላሳሰባትም። ያሳሰባት ልምምዱ በዚያው ማብቃቱ ነው። ሜዳው ባዶ ሲሆን እሷ ብቻዋን መውጣቷን ቀጠለች። አንድ ማለዳ ስትመለስ የወር አበባዋ መጣ። ሽንት ቤት ቆማ ደሙን አየች፤ ወጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በሚቀጥለው ወርም ጥቂት ዘግይቶ መጣ።

“በዓሉ አልፏል፤ አሁን የት ነው የምትሄጂው?” አሉ ኡሙሰልማ። ሱሩር ከአሰብ ገብቶ ቁርስ እየበላ ነበር። ሳፊያ ሁለቱም ባሉበት መናገር ይሻላል ብላ ሐኪሙ ያሏትን፣ ለምን እንደምትሮጥ፣ አሁን ምን እንደመጣ ነገረቻቸው።

ሱሩር ጉርሻውን መለሰው። “እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ጎማ ልይ ብለህ ስትወጣ የት አግኝቼህ?”

ሱሩር ወደ እናቱ ዞሮ፣ “እማ፣ የአርሲ ነገሌውን ነገር ይተዉት። እኔ አላገባም” አላቸው። ኡሙሰልማ ለብዙ ቀን ሁለቱንም አኮረፏቸው።

የእሳቸው ኩርፊያ የረገበው በራሳቸው በሽታ ነው። እግራቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ ሳፊያ ሐኪም ዘንድ ብትወስዳቸው ስኳር ተገኘባቸው። ቁስሉ ሲደርቅ ዶክተሩ በየቀኑ መራመድ አለብዎት ሲሏቸው ምራታቸውን ዞር ብለው አዩና፣ “ይቺ ልጅ ምን ብላ ነገረችዎት?” አሉ። ዶክተሩ ሳቁ።

ጥቂት ጊዜ አንገራግረው አንድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። እንደ እሳቸው መራመድ ለሳፊያ ከመቆም አይለይም። መንገዱ ጫፍ ካለው ግራር ድረስ ፈጠን ብላ ሄዳ ትመለሳለች፤ እሳቸው በመሃል ያገኟታል። የሚያወሩት ስለ ጉልበትና ስለ ገበያ ነው፤ ስለ መሪማ አልተነሳም። መሪማ በዓመቱ እዚያው ነገሌ ነጋዴ አግብታለች።

የሳፊያ ነገር ሁሉ ቀጥ ብሎ አልሄደም። አንድ ክረምት ታማ ስትተኛ አበባዋ እንደገና ጠፋ፤ አገጯንም እስከ መጨረሻው መንቀሏን አልተወችም። ሴት ልጅ የወለደችው ሩጫውን በጀመረች በአራተኛው ዓመት ነው። ልትነግራቸው ብትሄድ ዶክተር ኃይለየሱስ ተዛውረዋል፤ ለነርሷ ነገረች። ሁለተኛ ልጅ አልመጣም። ሕፃኗ አንገቷን ስታጠና ሳፊያ ጠዋት ጠዋት ኡሙሰልማን ታሳቅፍና ወደ ሐዲዱ ትወጣ ጀመር። ኡሙሰልማ ቶሎ ነይ ይሏታል እንጂ የት እንደምትሄድ አይጠይቋትም።