ቀዝቃዛው ክፍል

«የኔ ኮምፒውተር ቆሟል፤ ያንተስ?» አለች ኒምያ፣ የገንዘብ መክፈያ መስኮቷን መስታወት በእርሳስ እየቆረቆረች።

በቀጣዩ መስኮት የተቀመጠው ፍሬዲ የእሱም እንደቆመ ራሱን ነቀነቀ። የጡረታ ክፍያ ቀን በመሆኑ ሰልፉ ከቪያሪካ ቁጠባና ብድር ማኅበር በር አልፎ እግረኛ መንገዱ ላይ ወርዷል። የጥር ሙቀት ገና በጠዋቱ አስፋልቱን ማፋጀት ጀምሯል።

«ግቢና እይው እንጂ» አላት ፍሬዲ። «ከመጋቢት ጀምሮ ያንቺ ሥራ አይደል?»

ቀልዱ ውስጥ እውነት ነበረበት። ማኅበሩ በመጋቢት የኒምያን መስኮት ዘግቶ በምትኩ ማሽን ሊያቆም ወስኗል። ዕድሜዋን በገንዘብ ከፋይነት ላሳለፈችው ለእሷ የቀረላት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በቅርቡ ጡረታ የሚወጡት የዶን አኒባል የኮምፒውተር ክፍል። ለዚያም የሙያ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ወይ የኮምፒውተር ጥገና፣ ወይ የመረጃ ደኅንነት። የቱን እንደምትይዝ እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ለሥራ አስኪያጇ ለዶኛ ሱኒልዳ መንገር አለባት። የእህቷ ባል ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን እየደወለ «ጥገና የጀማሪ ነገር ነው፤ የመረጃ ደኅንነቱን ያዢ። እንጀራ ያለው እዚያ ነው» ይላታል። ዶኛ ሱኒልዳም የሚመርጡት ደኅንነቱን ነው። ኒምያ ወሩን ሙሉ የደኅንነቱን ትምህርት ከስልኳ ላይ ስትሸመድድ ከርማለች።

ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። በሕንፃው ውስጥ በደንብ የሚቀዘቅዘው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በበጋ ሠራተኛው ሁሉ ቴሬሬ የተባለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ የሚጠጣው እዚያ ነው። ተረኛው በረዶና ውሃ በጆግ ያመጣል፤ ቅጠል የተሞላው ቀንድ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዛሬዋ ተረኛ ኒምያ ነበረች። ጆጉ እንደ ወትሮው በመሣሪያው ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጧል።

ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ሰማያዊ ገመድ፣ ቢጫ ገመድ፣ እንደገና ሰማያዊ። ከታች ያለው ጥቁር ሣጥን አንድም መብራት የለውም። ትናንትስ ነበረው? አላስታወሰችም፤ አይታው አታውቅም። ዶን አኒባል ጥርስ ሐኪም ዘንድ ናቸው፤ ስልካቸውን አያነሱም። የምታውቀውን ከትምህርቱ ውስጥ ፈለገች፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን፣ ሁሉም በአንዴ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲቋረጥ የጠላፊዎች ምልክት ነው ይል ነበር።

«ጥቃት ሊሆን ይችላል» አለቻቸው ዶኛ ሱኒልዳን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምልክቱ ያ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ወዲያው ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው የቅርንጫፉን መስመር ከሌሎቹ ቅርንጫፎች አስቆረጡ፤ በሩንም አዘጉ። ጥበቃው ሽማግሌዎቹን «ነገ ኑ» ሲላቸው ኒምያ በመስታወቱ ውስጥ ታይ ነበር። ከገጠር በመጀመሪያው አውቶቡስ የመጡት አሮጊት፣ ሰው ሁሉ እማማ እንደማለት «ኛ ዴኦሊንዳ» የሚላቸው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ወደ መናኸሪያው አቀኑ።

ዶን አኒባል ግማሽ ጉንጫቸው እንደደነዘዘ በሞተር ብስክሌት ደረሱ። ስለ ጥቃቱ ሲነገራቸው በቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዱ። ጆጉን አንስተው ሥሩን በእጃቸው ዳሰሱ። የበረዶው ላብ በቁም ሣጥኑ ጀርባ ወርዶ የሶኬት ማከፋፈያው ላይ ተጠራቅሟል። ነቅለው በደረቅ ተኩት፤ መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ።

«ጠላፊዎቹ ለካ ጠምቷቸው ነው የመጡት» አለ ፍሬዲ ከበሩ ላይ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ኒምያም አብራ ለመሳቅ ሞከረች።

«እሷ ላይ አትሳቁ» አሉ ዶን አኒባል። «ስንት በጋ እዚህ ላይ ስታስቀምጡ አይቻለሁ። እኔም አብሬ እጠጣለሁ። በዚህ ሙቀት ሰውን እንዴት ውጣ ይሉታል?» ከዚያ ወደ ኒምያ ዞሩ። «ስትከፍችው ምን ታየሽ?»

«ገመድ።»

«ሌላስ?»

«ገመድ ብቻ ነው የታየኝ፣ ዶን አኒባል።»

በሩ ተከፈተ፤ ጥላ ሥር ሆነው የጠበቁት ጡረተኞች ገንዘባቸውን ወሰዱ። ኛ ዴኦሊንዳ አልተመለሱም። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ዶኛ ሱኒልዳ ኒምያን ቢሯቸው አስጠሯት።

«በቃ፣ ያለፈው አልፏል» አሉ። «እንዲያውም ደኅንነት የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልገን አሳየን። ለጠቅላላ ጉባኤው ባለሙያ አለን ብል ደስ ይለኛል። ደኅንነቱን ልበል?»

«ጥገናውን ይበሉልኝ። የጀማሪውን።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱ እኮ ሁለት ፈተና አለው። እስከ መጋቢት አታደርሺውም። ካላደረስሽ ደግሞ ቦታውን ላቆይልሽ አልችልም፤ ፍሬዲ ደኅንነቱን እወስዳለሁ ብሎኛል። ተናደሽ ነው?»

«አልተናደድኩም» አለች ኒምያ። «ስሙን ሁሉ አጥንቻለሁ፣ ዶኛ ሱኒልዳ። ነገሩን ግን አላውቀውም። ያንን ወረቀት ብይዝ ነገ አምነው ይጠሩኛል፤ እኔም ዛሬ ያልኩትን እደግመዋለሁ። ያን ጊዜ ወረቀት አለኝና ማንም አይስቅም።»

«እሺ፤ ከመስኮትሽም ከዚህም እንዳትሆኚ ብቻ።»

«እሱን እኔም ፈርቻለሁ» አለች ኒምያ።

ለምሳ ሁሉም ሲወጣ ዶን አኒባል ከኮምፒውተር ክፍሉ ሊወጡ የራስ ቁራቸውን አንስተው ነበር።

«ያ ጥግ ላይ ያለው ከሥራ የወጣው ኮምፒውተር ተፈትቶ ይከፈታል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ይከፈታል። ከምሳ በኋላ እከፍትልሻለሁ።»

«እርስዎ ምሳዎን ይብሉ። ካቻቢቴውን ብቻ ይተዉልኝ።»

ሰጧት። የኮምፒውተሩን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ የመጀመሪያውን ብሎን ባላት ጉልበት ወደ ቀኝ ልታዞረው ታገለች፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከረች።

«ወደ ግራ» አሉ ዶን አኒባል፣ በሩን እየዘጉ።