መሐለኛው እግር

አሮጊቷ ወንበር እንኳ ያገኘችው ልጅቷ የሙዚቃ ዕቃ ሻጩን ከተቆጣችው በኋላ ነው። እሱ ከበሩ ጀምሮ ፈገግታውን በሙሉ ለልጅቷ አስረክቦ፣ ለአሮጊቷ «እማማ፣ እዚያ ጥግ አረፍ ይበሉ፣ ገመዱ እንዳይጠልፍዎ» የምትል ምጽዋት ወርውሮላት ዞረ። ገመድ እንዳይጠልፋት። አርባ ዓመት ከገመድ ጋር የኖረች ሴት። ባሏ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ሲጠግን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ እርሳስ ያቀለጠች፣ ሽቦ የላጠች፣ የተቃጠለውን ዕቃ በአፍንጫዋ አሽትታ «ይሄ ነው» ያለች እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ አዎ። ፊደል የቆጠሩትም ሬዲዮአቸው ሲሞት ተሸክመው የሚመጡት ወደ እሷ ቤት ነበር። ያም ሆኖ ሰፈርተኛው የሚያውቃት «የሬዲዮ ሠሪው ሚስት» ብሎ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ አንድ ሰው ተሳስቶ «ሬዲዮ ሠሪዋ» ብሏት አያውቅም።

ዛሬ ግን የመጣችው ክብር ፍለጋ አልነበረም። የመጣችው ፈርታ ነው።

ልጅቷ የልጇ ልጅ ናት። ቀጭንና አንድ ቦታ አርፋ የማትቀመጥ ስለሆነች አሮጊቷ «ሽቦ» ትላታለች፤ ሽቦም ያሳደገቻትን አያቷን «እማዬ» ትላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሽቦ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንድ ጋር መድረክ ላይ ትወጣለች። ጊታሩ የአባቷ ነው። አባቷ፣ የአሮጊቷ አንድያ ልጅ፣ ይህንኑ ጊታር አንግቶ፣ ከንፈሩን ወደ ማይኩ አስጠግቶ ሲዘፍን ኮረንቲ ይዞት በቆመበት የቀረ ሰው ነው። ሽቦ ያኔ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነበር። አሮጊቷ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ ልጅቷ እጇ ቁም ሣጥኑ ላይ መድረስ ሲጀምር አወረደችው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጊታሩ በተሰካ ቁጥር አሮጊቷ ከሌላው ክፍል ሆና ታዳምጣለች። ዜማው ሲቋረጥ ልቧ ዱብ ይላል፤ ሲቀጥል ትተነፍሳለች። ለማንም ግን አትናገርም።

«ምን ነበር የፈለግሽው እህቴ?» አለ ሻጩ።

«ትንሽ የጊታር ፔዳል፣ በእግር የምትረገጥ። ርካሽ ግን እንደ ንብ እንዝዝ የማይል። ልምምድ ላይ ተራዬ ደርሶ ብቻዬን ስጫወት ከበሮ መቺውና ኪቦርዲስቱ ይውጡኛል። እጄ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፄ አይሰማም።»

«ገባኝ። ነይ ወደ ኋላ፤ እየሞከርሽ ምረጪ። ቅዳሜ ለአዳራሹ የማከራየው አምፕም እዚያው ነው፣ በእሱው ብትሞክሪ ይሻልሻል።»

የኋላው ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲውጥ የእንቁላል ካርቶን ከጣሪያ እስከ ወለል ተለጥፏል፤ መስኮት የለውም። ጥጉ ላይ ጨርቁ የተላላጠ ትልቅ አምፕሊፋየር ቆሟል፣ አጠገቡ ድምፅ መቀላቀያው ሚክሰር፣ ከሚክሰሩ ገመድ የወጣለት ማይክ በማቆሚያው ላይ። አሮጊቷ ማይኩን ስታይ ወንበሯን ራሷ ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ሻጩ ሦስት ፔዳል ደረደረ። እያንዳንዳቸው ከሳሙና አይበልጡም፤ ባትሪ ማስገቢያ ቦታ እንኳ የላቸውም፣ በአዳፕተር ነው የሚሠሩት። አረንጓዴዋና ጥቁሯ ኦቨርድራይቭ፣ ቀይዋ ቡስት።

«ሁሉም የሚወስደው አረንጓዴዋን ነው» አለ።

«ሁሉም የሚወስደውን አልጠየቅንህም» አለች አሮጊቷ ከበሩ። «ልዩነታቸውን ንገራት።»

ሻጩ ለልጅቷ ፈገግ አለ፣ «አያትሽ ጎበዝ ናቸው» እንደማለት። «እማማ፣ ይሄ የቴክኒክ ነገር ነው።»

«እንግዲያው እኔ ልንገራት። ሽቦ፣ ኦቨርድራይቭ ድምፁን ጎርናና ያደርገዋል፣ ጉሮሮው እንደተሰነጠቀ ዘፋኝ። ቡስት ደግሞ ያንኑ ድምፅሽን ነው ከፍ የሚያደርገው። ያንቺ ችግር ድምፅሽ ማማሩ ነው ወይስ አለመሰማቱ?»

«አለመሰማቱ» አለች ሽቦ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ግን ትንሽ ጎርናናም ደስ ይለኛል።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁሉንም ሞክሪያቸውና እኔ እሰማልሻለሁ።»

ሽቦ አረንጓዴዋን ሰካች። ድምፁ ወፍራምና ጭጋጋም ሆነ፤ ከፍ ስታደርገው የክሩ ጥራት ጠፋ። «ይሄ በከበሮ ውስጥ ጭቃ ይሆናል» አለች አሮጊቷ። ጥቁሯ ደግሞ ሲያዩአት ታምራለች እንጂ መጠምዘዣዋ ገና ሲነካ ትንጫጫለች። «ይቺ የጎረቤት ዶሮ ናት፣ መልሳት።» ሻጩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ቀይዋ ስትረገጥ ግን ያው የልጇ ጊታር፣ ያው ድምፅ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ቆመ። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። የልጇ እጅ ነበር የሚመስለው።

«ይቺ ናት» አለች ሽቦ። እጇን ከክሩ አንስታ ጣቶቿን አሻሸች። «ጉንዳን ነገር ጣቴን በላኝ። ክሩ ዝጓል መሰለኝ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ክሩ ነው።»

ያኔ ነው ዝምታውን የሰማችው። ሽቦ መጫወት አቁማለች፣ ቀይዋ ፔዳል እስከ መጨረሻዋ ተከፍታለች፣ አምፑ ግን ጭጭ ብሏል። ቡስት የሚባል ነገር ዜማን ብቻ መርጦ አያጎላም፤ ጥሩውንም ጉዱንም አብሮ ነው የሚያጎላው። እንዲህ ያለ አሮጌ አምፕ ከሚክሰር ጋር ተያይዞ ትንሽም ቢሆን «እምምም» ማለት አለበት። ይሄኛው ትንፋሽ እንኳ የለውም።

«ምንም አያጉረመርምም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«የኔ ዕቃ እንዲህ ነው» አለ ሻጩ ደስ ብሎት። «ዝምታ ወርቅ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ወደ አምፑ አንገቷን አሰገገች። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ልጇ በዚያ የመጨረሻ ቀን ከመድረክ ሆኖ ወደ እሷ እያየ አውራ ጣቱን ያነሳላት፣ «ዛሬም ጩኸት የለም» ብሎ የሳቀው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነበር።

ሽቦ ወደ ማይኩ ሄደች። «እየዘፈንኩም ልሞክረው፣ ቅዳሜ ሁለተኛውን ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ።» ግራ እጇ የጊታሩን አንገት እንደያዘ ጎንበስ አለች። በከንፈሯና በማይኩ መካከል አንድ ስንዝር ቀረ።

አሮጊቷ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ወንበሩ ከኋላዋ ሲወድቅ ሰማች፣ ከዚያ እጇ የማይኩን ማቆሚያ ገፍቶት ማይኩ ወለሉ ላይ ተንጓጓ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ጊታሩን አውርጂ። ማሰሪያውን ይዘሽ፣ ክሩን ሳትነኪ። አሁን።»

ሽቦ ያንን ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ሳትከራከር አወረደችው። አሮጊቷ ግራ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ፣ የቀኝ ጣቶቿን ጀርባ ብቻ ወደ ክሩ አስጠጋች። በመዳፍ አይነካም፤ ኮረንቲ ካለ መዳፍን ጨምድዶ ያስቀረዋል፣ የእጅ ጀርባን ግን ያስፈነጥረዋል። ባሏ ያስተማራት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ቆዳዋ ላይ ያ ጉንዳን ሄደ።

ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ የኮረንቲ መፈተሻ ቴስተር አወጣች። ጫፉን ክሩ ላይ ስታደርገው እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ብርቱካንማ ሆና በራች።

ሻጩ ትከሻውን ነቀነቀ። «አሮጌ ቴስተር በሰው ገላም ይበራል እማማ። ዓመት ሙሉ ሳከራየው አንድ ሰው አልነካም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብዎ ነው።»

«እባቡን ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ልጡን እንኳ አላየህም። ሶኬቱን ንቀልና አምጣው።»

«ስለ ምን?»

«ንቀለው፣ እማዬ የምትለውን አድርግ» አለች ሽቦ።

ነቀለው። ሶኬቱ በአሮጊቷ መዳፍ ላይ ጋደም አለ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት እግሮች ሊኖሩት የሚገባ ሶኬት ነው። ከዳርና ከዳር ሁለቱ አሉ። የመሬቱን መስመር የሚይዘው መሐለኛው ከሥሩ ተቆርጧል፤ የፒንሳው ጥርስ ፕላስቲኩ ላይ ምልክት ትቷል።

«ማን ቆረጠው?»

ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «እኔ ነኝ። ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ ይጮሃል፣ ሰዉ ደግሞ ፔዳሉ የሚጮህ እየመሰለው ይመልስብኛል። እግሩን ስቆርጠው ጩኸቱ ቆመ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

«ዛሬ ጠዋት ነቅለኸው ነበር?»

«ወለሉን ስወለውል። መልሼ ሰካሁት።»

«ገልብጠህ ሰካኸዋ። መሐለኛው ካለ በየትኛውም በኩል ብትሰካው የባዘነውን ኮረንቲ ወደ መሬት ይወስደዋል። እሱን ስትቆርጠው ግን ኮረንቲው በየት በኩል እንደሚመጣ ዕድል ነው። ዓመት ሙሉ በደህናው በኩል ስትሰካው ኖረሃል፣ ዛሬ በክፉው። ክሩን የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኮረንቲው በሰውየው አልፎ በማይኩ ወደ መሬት ይወርዳል።» ሶኬቱን ራሷ ገልብጣ ሰካችው፣ ቴስተሩን ክሩ ላይ አደረገችው። መብራቷ አልበራችም። ነቅላ አዙራ ሰካችው። በራች።

ሻጩ አንገቱን አከከ። «እሺ፣ እንግዲህ በደህናው በኩል እሰካዋለኋ። አለቀ።»

«በቀለም ምልክት አደርግበታለሁ እማዬ» አለች ሽቦ ቶሎ ብላ። ድምፅዋ ይለማመጥ ነበር። የፈራችው ኮረንቲውን አልነበረም፤ የፈራችው ቅዳሜ እንዳትቀርባት ነው። «ራሴ እሰካዋለሁ፣ ማንም አይነካውም። አባቴን ደግሞ ኮረንቲ ያስያዘው ዝናብ ነው ብለሽኝ የለ? እኛ አዳራሽ ውስጥ ነን።»

አሮጊቷ የወደቀውን ወንበሯን አንስታ ተቀመጠች። አሥራ ሰባት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ ያስቀመጠችው ነገር ነው። ብትናገር ይህች ልጅ ዳግመኛ «እማዬ» ላትላት ትችላለች። ባትናገር ደግሞ ሽቦ ምልክቷን አድርጋ ትሄዳለች፣ አዳራሹ ውስጥ አንዱ ችኩል የራሱን ዕቃ ለመሰካት ይነቅልባታል፣ መልሶም ይሰካዋል።

«ዝናብ አልነበረም» አለች።

ሽቦ ቀና ብላ አየቻት።

«ፀሐይ ነበር። አባትሽ አምፑ እየጮኸ አስቸግሮኛል አለኝ። አያትሽ ከቤት ወጥቶ ነበር። እኔም አዋቂ ነኝ፣ እኔም ከሱ አላንስም ብዬ ፒንሳ አነሳሁና መሐለኛውን እግር ቆረጥኩት። ጩኸቱ ጠፋ። አባትሽ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ያ ዕቃ ሳምንት ሙሉ በደህናው በኩል ሲሰካ ቆየ፤ በስምንተኛው ቀን አንዱ ገልብጦ ሰካው።» እጆቿን አየቻቸው። «ዝናብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ለአያትሽም ያልኩት እንደዚያው ነው። አምኖኝ ሞተ።»

በሱቁ በር በኩል የመንገዱ መኪና ድምፅ ይሰማል። ሽቦ ፊቷን ወደ እንቁላሉ ካርቶን አዙራ ብዙ ቆየች። አሮጊቷ ትጠብቃለች፤ ዜማ ተቋርጦ ከሌላው ክፍል ሆና እንደምትጠብቀው፣ ልቧ እንደወደቀ።

ከዚያ ሽቦ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። አምፑ ላይ ተቀምጦ የነበረውን የሻጩን ካቻቢቴ አነሳችና አያቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እጇን ግን ወዲያው መለሰች። ይቅር ማለት ይሁን አይሁን አሮጊቷ አላወቀችም፤ ልትጠይቅም አልደፈረችም።

ሻጩ ወደ ቀይዋ ፔዳል ጠቆመ። «ሶኬቱ ቢስተካከል ያው ጩኸቱ ይመለሳል እማማ። ፔዳሏን ደግሞ ሰው—»

«ይጩህ» አለች። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም በዚህ ጊዜ አላለፋትም። «ጩኸቱን የሚያጠፋ ሌላ ዘዴ አለ፤ ቀስ ብለህ ከጠየቅኸኝ አሳይሃለሁ። እስከዚያው የሚጮኸው በሕይወት ያለ ነው። ወይም ደግሞ እኔን ማመን ካቃተህ፣ አሁን እንደተሰካ ክሩን በመዳፍህ ያዝና ከንፈርህን ማይኩ ላይ አድርግ። አንተ ቀድመህ አድርገው፣ እኔም ልጄን ቅዳሜ እልክልሃለሁ።»

ሻጩ ወለሉ ላይ የተጋደመውን ማይክ አየ። ከዚያ ጊታሩን። አንድ እጁ ከኪሱ ሊወጣ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«አልቻልክም» አለች አሮጊቷ። «እንግዲያው ቀይዋን ጠቅልልላት። ከዚያ ከመደርደሪያህ ሦስት እግር ያለው አዲስ ሶኬት አምጣ፤ ቀጥሎም የምታከራየውን ሌላውን አምፕ ሁሉ ሶኬቱን እንዳየው በፊቴ ደርድር። ብሎኑን የማጠብቀው እኔ ነኝ።»